የኔዘርኮምብ ቄስ ቤት ስድስተኛው መስኮት

ዜናሁ ለክላይቭ ሃተርስሌይ፣ መስኮት ፈላጊ፣ ግድግዳ ደርማሽ።

ወኮነ በሦስተኛው ዓመተ ፊሊፓ፣ ይኸውም ወይዘሮ ፊሊፓ የነዋሪዎች ማኅበር ሊቀ መንበር በሆኑ በሦስተኛው ዓመት፣ የጋራው ማሞቂያ ከሞተበት በረዶ በኋላ፣ የጡረታው አርበኛ ክላይቭ ከወንበራቸው ተነሡ።

የተነሡበትም ምክንያት ይህ ነው። በኔዘርኮምብ መንደር የደብሩ ቄስ ቤት በቀድሞው ዘመን ቄሱ፣ ሚስታቸው፣ ብዙ ልጆችና ብዙ ብርድ ይኖሩበት ነበር። ቤተ ክርስቲያኒቱ ሸጠችው፤ የገዛውም ነጋዴ እንደ ዳቦ ቆርሶ ለአምስት ቤተሰብ ሸነሸነው። ፊሊፓ ቄሱ ስብከት የሚጽፉበትን ክፍል ከነምድጃው ያዙ፤ የጥርስ ሐኪም የነበሩት ዴሪክ የፈረሶቹን ጋጣ ያዙ፤ ለክላይቭና ለሚስታቸው ለሞሪን ግን የላይኛው ትልቅ መኝታ ክፍል ግማሽ ደረሳቸው። አዲሱ ግድግዳ በጣሪያው መካከል ለጌጥ የተቀረጸውን የኖራ አበባ እንኳ ለሁለት ሰነጠቀው፤ መስኮቱም በጎረቤት በኩል ቀረ። በዚያው ግማሽ ክፍል የተሠራው ወጥ ቤታቸው በቀትር አምፖል የሚበራበት ሆነ።

ሞሪንም ከምድጃው ዙፋን እንዲህ ሲሉ አወጁ፦ «ስማኝ፣ አንተ ሰውዬ! ሽንኩርት የምከትፈው በዳበሳ ነው። እስከ ፋሲካ የቀን ብርሃን ካላየሁ፣ እኅቴ ዶሪን ጋ ሄጄ ቁጭ እላለሁ። የምቀልድ እንዳይመስልህ!»

ክላይቭም ደንግጠው ወደ አትክልቱ ወረዱ፤ የቤቱንም ፊት ተመለከቱ። ከላይ በግራ ሦስት መስኮት፣ በቀኝ ሦስት መስኮት፣ ነጭ ጠርዝ፣ ጥቁር መስታወት፤ ስድስተኛውም ልክ በእርሳቸው ወጥ ቤት ላይ። ነጋዴው ከውስጥ ደፍኖብኛል ብለው ፎከሩ። ቀርበው ግን አላዩም፤ ሣሩን መርገጥ በፊሊፓ አዋጅ የተከለከለ ነበርና፤ የዚህ አገር ባል ደግሞ ከሚስቱ ቁጣ ይልቅ የሣር ሕግ ያስፈራዋል።

ፊሊፓም ከደረጃው ላይ አወጁ፦ «ይህ ቤት ታሪካዊ ነው! ሚስማር እንኳ ያለ ፈቃድ አይመታበትም። ጥንታዊ መስኮት መክፈት ግን ቅርስ ማዳን ስለሆነ ፈቅጃለሁ። አቧራችሁ ምንጣፉ ላይ ይረፍና ታዩኛላችሁ! ዴሪክ፣ ጫማህን አውልቅ!»

ዘመቱም። ከፊት ክላይቭ መዶሻ ተሸክመው፣ ቀጥሎ ዴሪክ በካልሲያቸው መሮ ይዘው፣ ቀጥሎ ፊሊፓ አሮጌ አንሶላ አንግተው፣ ቀጥሎ ማንም ያልጠራው የዴሪክ ውሻ፣ በመጨረሻም ሞሪን፣ ለሚመጣው መስኮት የሰፉትን ቢጫ መጋረጃ ታቅፈው። ክላይቭ መቱ፤ ልስኑ ወደቀ፤ ከልስኑ ኋላ ጡብ ቆመ። መስኮት የተደፈነበት ጡብ አልነበረም፤ ከግራ ከቀኙ ግድግዳ ጋር ተጠላልፎ፣ ቤቱ ሲሠራ አብሮ የተደረደረ ነበር።

ያን ጊዜ ዴሪክ፣ ከሁሉ ደፋሩ፣ ወርደው ሣሩን ረገጡ፤ መሰላል አቁመው መስታወቱን በጣታቸው ዳሰሱ። ከዚያም ጮኹ፦ «ክላይቭ! ቀለም ነው! ጠርዙም ቀለም፣ መስታወቱም ቀለም! ቤቱን የሠሩት ሰዎች ፊቱ በሁለቱም በኩል እኩል እንዲሆንላቸው ሥለውት ነው!»

ፊሊፓም መለሱ፦ «ዴሪክ! ሣሩ!»

ክላይቭም መዶሻቸውን ከፍ አድርገው አወጁ፦ «አልተሸነፍንም! ከውጭ የተሣለ መስኮት ከውስጥ ካልተሣለ ቤቱ ጎደሎ ነው። ቀለም ይምጣ!»

ሞሪንም መጋረጃውን አጣጠፉ፦ «እንግዲያው እኔንም አጠገቡ ቆሜ ሣለኝ፤ ሰው ያለ ይመስልሃል። እኔ ዶሪን ጋ ነኝ።» አሉና መጋረጃውን ይዘው ሄዱ።

ክላይቭም ሣሉ፤ ሰማይም ደመናም ጨመሩበት። ሞሪንን ግን አልሣሉም፤ ሰው መጨመር የቤቱን ታሪክ ያበላሻል ብለው ፊሊፓ ከልክለዋልና።

ስለዚህ ይወደሱ ክላይቭ፣ ፀሐይ ያልደፈረችውን ግድግዳ የደፈሩ፤ ይወደሱ፣ ከውስጥም ከውጭም የማይከፈት መስኮት ጌታ፤ በመላው ኔዘርኮምብ ዝናብ የማይጥልበት ሰማይ ያላቸው እርሳቸው ብቻ ናቸው፤ ከሥሩም ማታ ማታ ለአንድ ሰው የሚበቃ እንቁላል ይጠብሳሉ።