ለሻምበል ወንድነት የተቀመጠ ጉባኤ

የወንድ ልጅ አንድነት የት እንደሚታይ ልንገራችሁ? በእድር ስብሰባ አይደለም፤ በእግር ኳስ ሜዳም አይደለም። አንድ ውሻ ሊኮላሽ ነው ሲባል ነው!

ውሻዬ ሻምበል ይባላል። ማዕረጉን የሰጠሁት እኔው ነኝ፤ የአዋሽን ጅብ ወደ ግቢያችን ስለማያስጠጋ ይገባዋል። ሰሞኑን ለክትባት ብወስደው የእንስሳት ሐኪሙ ከኋላ በኩል ዳበስ ዳበስ አደረገና ፊቱን አጨማደደ።

«አንዱ ቆለጥ አልወረደም። ሆዱ ውስጥ ቀርቷል።»

«ታዲያ መውረድ ካልፈለገ ይቅራ!»

«እዚያ ሙቀት ይበዛበታል። ሲቆይ ወደ ክፉ እጢ ሊለወጥና ውሻው ሊሞትብዎ ይችላል። ሁለቱንም ብናወጣ ይሻላል።»

ሙቀት ይበዛበታል... አዋሽ ላይ ሙቀት ያልበዛበት ማን አለና! «የወረደውስ ምን አጠፋ?» አልኩ። ጉድለቱ በዘር እንደሚተላለፍ ነገረኝ።

ሻምበል ሲሞት ሳስበው ሆዴ ባባ። ሲኮላሽ ሳስበው ደግሞ... እግሬን ገጠም አደረግሁ። ወንድ አንባቢዬ፣ አንተም አሁን ገጥመሃል፤ አትካድ!

ባለቤቴ ዘነበች ወሬዬን እንኳ አላስጨረሰችኝም። «ሳይቃጠል በቅጠል! ዛሬውኑ ይሠራለት።»

«ቆይ እስኪ፣ ሰው ላማክር» ብዬ ወጣሁ።

የሄድኩት ሐጂ ሰይድ ጋ ነው። ሐጂ ከወሎ መጥተው እዚህ ምግብ ቤት የከፈቱ፣ ውሻ ሲያዩ ሽርጣቸውን ሰብስበው የሚያልፉ ሰው ናቸው። ጉዳዩን ሲሰሙ ግን ደረታቸውን ያዙ። «ያ አላህ! ወንድ አይደለም እንዴ? ወላሂ ግፍ ነው!»

ፍየል አርቢው የአፋር ወዳጄ አሊ ከትሪው ቀና አለ። «የተኮላሸ ውሻ አይጮህም። ጅብ ሲገባ ተኝቶ ያያል፤ ሌባ ሲመጣ ጭራውን ይቆላል።»

ተመጋቢው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። አንዱማ ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ ከሐዘኑ ይሁን ከሚጥሚጣው አልለየሁም።

«ሥጋው ግን እንዴት ይጣፍጣል!» አልኩ ጨዋታ ለመለወጥ።

አሊ ኮራ። «ሙክት ነዋ! እኔ ራሴ ነኝ የኮላሸሁት። ያልተኮላሸ ፍየል ይበላል እንዴ? ይሸታል!»

«አብሽሩ፣ ይጨመራል» አሉ ሐጂ። ጉባኤው ሁለተኛውን ትሪ ሙክት እያጣጣመ፣ ሻምበል ጫፉ እንዳይነካ በአንድ ድምፅ ወሰነ።

ውሳኔውን ይዤ ቤት ስደርስ ሻምበል የለም። ዘነበች በባጃጅ ወስዳዋለች! ሮጬ ክሊኒክ ስገባ ተሰፍቶ ተኝቷል። ሐኪሙ ተደብቆ የነበረውን አሳየኝ፤ ማበጥ ጀምሯል። «ትንሽ ቆይቶ ቢሆን ኖሮ...» አለና ተወው። የሻምበልን ጆሮ እያሻሸሁ አለቀስኩ። ሚጥሚጣ አልነበረም።

የጉባኤውን ቃል አንድም ሳላስቀር ለዘነበች ነገርኳት።

ስፌቱ ከደረቀ በኋላ ጉባኤው አጥንት በፌስታል ቋጥሮ በሽተኛውን ሊጠይቅ መጣ። ፊታቸው ለቅሶ ቤት የሚሄድ ሰው ፊት ነው። ሐጂ እንኳ አልቀሩም፤ ራቅ ብለው ነው እንጂ። እኔ ፊት ፊት እየሄድኩ በሩን ገፋ አደረግሁ።

ሻምበል ከጥላው ሥር ብድግ ብሎ፣ ሰፈሩን በጩኸት እያናወጠ መጣብን! አሊ ፌስታሉን ጥሎ በረረ። ሐጂ ሽርጣቸውን ይዘው በዚያ ዕድሜያቸው ቀደሙት። እነሱ ሲሮጡ እኔም ሮጥኩ... ከገዛ ውሻዬ ለምን እንደሮጥኩ አትጠይቁኝ። ውጭ ሆነን የቆርቆሮውን በር በጋራ ስበን ያዝን።

ከግቢው ውስጥ የዘነበች ድምፅ መጣ።

«ግቡ እንጂ፣ ወንዶቹ! የተኮላሸ ውሻ አይጮህም አላላችሁም?»