ትከሻ የለህም

መርካቶ ልብስ ለክታችሁ ታውቃላችሁ? ኮቱ እንደ ጆንያ ቢንጠለጠልባችሁም ባለሱቁ «ጌታዬ፣ ልክ ለእርስዎ የተሰፋ!» ይላችኋል። እኔ በእንዲህ ያለ ሙገሳ ያደግሁ ሰው፣ በደርግ ጊዜ አስተማሪ ሆኜ ጂንካ ተመደብኩ።

እዚያ አንዲት የአሪ ብሔረሰብ ልጅ ወደድኩ። ሽማግሌ ከመላኬ በፊት ኮት ልግዛ ብዬ ጋሽ ኤልያስ የሚባሉ ነጋዴ ሱቅ ገባሁ። ቡናማውን ለብሼ ደረቴን ነፋሁ።

«አውልቀው» አሉኝ።

«ምነው፣ አያምርም?»

«ኮቱስ ያምራል። ትከሻ የለህም እንጂ።»

ሰው ደንበኛውን እንዲህ ይላል? ሳሙና ሊገዙ የመጡ ሴቶች ሳቁብኝ። ተናድጄ ወጣሁና አልዱባ ገበያ ሄጄ ሌላ ኮት ገዛሁ። ሻጩ «ሚኒስትር መሰልክ!» አለኝ።

የልጅቷ አባት «እስቲ ልጁን ራሱን እንየው» ስላሉ የአልዱባውን ኮት ለብሼ ሽማግሌዎቼን ተከትዬ ሄድኩ። አጠገባቸው ማን ቢቀመጥ ጥሩ ነው? ወንድማቸው ጋሽ ኤልያስ! በቃ፣ አለቀልኝ አልኩ።

ሽማግሌዎቼ ስለ ጨዋነቴ ብዙ አወሩ። አባትየው ግን ወደ ወንድማቸው ዞረው «አንተ ታውቀዋለህ?» አሉ።

ጋሽ ኤልያስ ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ።

«አውቀዋለሁ። ልብስ መምረጥ አይችልም፤ ቶሎም ይቆጣል። ግን ተማሪ ሲታመምበት የልጁ ቤት ድረስ ሄዶ ሲጠይቅ አይቻለሁ። ልጅቷን ስጠው።»

አባትየው ሌላ ጥያቄ አልጠየቁም፤ ሰጡኝ። ዛሬ ነጋዴ «አማረብህ!» ባለኝ ቁጥር፣ ይሄ ሰው የወንድሙን ልጅ ይሰጠኝ ነበር ወይ እላለሁ።