ጌታው ታረቀኝ አማታቸውን ሊያመሰግኑ ወደ ቡሌ የዘመቱበት ዜና

በዘመነ ታረቀኝ፥ መንጃ ፈቃድ በጨበጡ በሁለተኛው፥ የፌስቡክ ገጻቸውን በከፈቱ በሦስተኛው፥ አማታቸውን ባስቀየሙ በአራተኛው ዓመት፥ በወርኃ ጥቅምት፥ ዝናቡ ገና ከጌዴኦ ምድር እጁን ሳያነሣ፥ በዕለተ እሑድ፥ ኃያሉ፥ ግርማዊው፥ መዋዒው፥ የዲላ ብርሃን፥ የቢሮ ዓምድ፥ በሠርግም በለቅሶም ድምፅ ማጉያውን ቀድመው የሚይዙት፥ ቤታቸው ውስጥ ግን የሚፈስ ቧንቧ እንኳ ነክተው የማያውቁት ጌታው ታረቀኝ፥ በሰው መኪና ተነሥተው ወደ ቡሌ ደጋ ዘመቱ።

ይህን ዜና የምጽፈው እኔ አትጠገብ ሚስታቸው ነኝ፤ ዲላ ውስጥ አማርኛ አስተምራለሁ። ጸሐፌ ትእዛዝነቱን ለምኜ አላገኘሁትም። ከዘመቻው በተመለስን በማግስቱ ጌታው ሶፋቸው ላይ እግራቸውን ሰቅለው እንዲህ ሲሉ ዐዋጅ አስነገሩ፦ «አንቺ የቋንቋ ሰው ነሽ፤ የቡሌውን ጉዞ ለገጼ አሳምረሽ ጻፊልኝ። ቤተሰብ፥ ምስጋና፥ ሥራ፥ አጭር ጉዞ፥ ሁሉም ይግባበት። ደግሞ ምንም እንዳታስቀሪ!» እሺ አልሁ። ምንም አላስቀርም።

የገጹን ነገር ለማያውቅ ልንገረው። ጌታው በየሳምንቱ ለሕዝበ ፌስቡክ ምክር ይለግሳሉ። «ሥራ ክብር ነው» ብለው የጻፉት፥ ጠዋት ቢሮ ገብተው ፈርመው፥ ያሉ እንዲመስል ኮታቸውን ወንበራቸው ላይ ሰቅለው ከወጡ በኋላ፥ ሻይ ቤት ተቀምጠው ነው። «ቤተሰብ የሕይወት ማር ነው» ብለው ሲጽፉ ደግሞ ልጃችን ሀሴት ሽንት ቤት ሆና «ጨርሻለሁ! ጨርሻለሁ!» እያለች ትጣራ ነበር፤ ጌታው ማሩን እየጻፉ ስለነበር አልሰሟትም፤ ተነሥቼ ያጠብኋት እኔ ነኝ። አቤት ታዲያ ላይኩ! አቤት «ተባረክ ወንድሜ» ባዩ! እኔም እጄን እየታጠብሁ በስልኬ አየሁት።

የዘመቻው ምክንያት እነሆ። ሀሴት ስትወለድ እናቴ አሰገደች የቡሌ ቤቷን ዘግታ፥ እንሰቷን ለጎረቤት ዐደራ ሰጥታ ወደ ዲላ ወረደች፤ በአራስነቴ ገንፎዬን አገነፋች፥ እኔ ወደ ማስተማሬ ስመለስ ልጅቱን አዝላ አሳደገች፥ የጌታውንም ሸሚዝ ሳይቀር ተኮሰች። ጌታው ግን አንድ ቀን የቢሮ ሰዎች ጋብዘው፥ እናቴ ጓዳ ውስጥ ሀሴትን አዝላ እሹሩሩ ስትል፥ ስለ እርሷ ቢጠየቁ ጮክ ብለው እንዲህ ሲሉ ዐወጁ፦ «እሳቸው እንኳ እኛ ጋ ተጠግተው ነው የሚኖሩት። ምን ይደረግ፥ ሰው አይጣልም!» እናቴ ሰማች። ልጅቱን አስተኛች፥ የእንግዶቹን ሳህን አጠበች፥ በማግስቱ ጠዋት እንሰቴን ልይ ብላ ወደ ቡሌ ወጣች። ከዚያ ወዲህ የዲላን አፈር አልረገጠችም። ልጠይቃት ስሄድ ትስመኛለች፥ ታበላኛለች፥ ስለ ጌታውም ጤና ትጠይቃለች፤ አንድ ክፉ ቃል ወጥቷት አያውቅም። አንጀቴን የሚበላኝም ይኸው ዝምታዋ ነው።

ዘንድሮ ደግሞ ዳግመኛ ነፍሰ ጡር ሆንሁ፥ የመውለጃዬም ጊዜ ተቃረበ። የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ስወልድ እናቴ ከጎኔ እንድትሆን። እሷ ግን ተጠጋች በተባለችበት ቤት፥ ያው ተጠጋች ያላት አፍ «እናመሰግናለን» ሳይላት አትገባም፤ ይህን ማንም አልነገረኝም፥ ልጇ ነኝና አውቃታለሁ። ለጌታው ነገርኋቸው፥ ለመንኋቸው፥ አለቀስሁባቸው። እርሳቸውም በመጨረሻ ከሶፋቸው ተነሥተው፥ እጃቸውን ወደ ጣሪያው ዘርግተው፥ «ራሴ ሄጄ፥ በገዛ አንደበቴ አመሰግናቸዋለሁ! ይዘናቸውም እንመጣለን!» ብለው ዐወጁ። ደስ አለኝ። ሞኝነቴ!

ወእምዝ ሠራዊት ተከተተ። ከፊት በመሪው ዙፋን ጌታው ራሳቸው፥ የሠርጋቸውን ሱፍ ለብሰው፥ ፀሐይ በሌለበት ጥቁር መነጽር ደፍተው፤ በቀኛቸው ሊቀ ካሜራ ቦና፥ የቢሮ ባልደረባቸው፥ ጌታው በተናገሩ ቁጥር ራሱን የሚነቀንቅ፤ ከኋላ እኔ ከነሆዴ፤ በአጠገቤ ሀሴት፥ ከዲላ እስከ ቡሌ «እማማ ጋ ደረስን?» ማለትን ያላቋረጠች፤ በእግራችን ሥር አንድ ዘለላ ሙዝ፥ ስኳርና ሳሙና፤ በጭኔ ላይ ለእናቴ ብዬ ሸማኔ ዘንድ ያሠራሁት ድርብ ጋቢ። ሠረገላይቱም የጎረቤታችን የባለሱቁ የዚያድ ቪትዝ ነበረች፥ ሆዷ ከመሬት የማይርቅ፥ የወንበሯ ላስቲክ ገና ያልተገፈፈ። ዚያድም ቁልፉን ሲያስረክብ፥ «ወላሂ ጋሽ ታረቀኝ፥ ቡሌ በዚህ ዝናብ ለቪትዝ አይሆንም፤ በሕዝብ መኪና ብትሄዱ ይሻላችኋል» ብሎ ነበር። ነገር ግን እንዲህ ያለ ጌታ በሕዝብ መኪና ተጋፍቶ፥ ጉልበቱን አቅፎ አማቱ ደጅ ይደርሳልን? አይደርስም።

ከዲላ ሽቅብ ስንወጣም በየኩርባው ቆሙ። አቮካዶ ሻጮች ዘንድ ቆመው ከሻጮቹ ጋር ተቃቅፈው ፎቶ ተነሡ፥ አቮካዶ ግን አልገዙም። ከሰው ቡና ማሳ ገብተው፥ ቀይ ፍሬውን በእጃቸው እያሻሹ «ወደ ሥሬ ስመለስ» ብለው ተቀረጹ፤ ተወልደው ያደጉት እዚያው ዲላ፥ ከመናኸሪያው ጀርባ ነው። ብርዱ እየጨመረ፥ ቀርከሃው እየበዛ፥ ጉሙም መንገዱን እየሸፈነ ሲመጣ ደግሞ መኪናዋን ዳር አስይዘው፥ በቦና ካሜራ ፊት ለእናቴ የሚሉትን ተለማመዱ፦ «እማማ! እርስዎ ባይኖሩ ይህ ቤት ቤት አይሆንም ነበር። ልጄን አሳደጉልኝ፥ ባለቤቴን አኖሩልኝ፤ እኔ የእርስዎ ባለዕዳ ነኝ!» እንዴት ያምራል! እውነት ለመናገር፥ ከኋላ ተቀምጬ ዕንባዬ መጣ። ንፋስ ድምፁን አበላሽቶታል ተብሎ እንደገና ተቀረጸ፤ ሁለተኛው ከፊተኛው የበለጠ አማረ።

ወእምድኅረ ዝንቱ የቡሌ ረግረግ ተገለጠ። የእናቴ ቤት ከዳገቱ በላይ፥ ከእንሰቱ መኻል ጣሪያው ይታያል፤ ብንጠራት የምትሰማን ያህል ቀርበናል። የእናቴ ጎረቤት ሽማግሌው አባ ሙሉካ ከአጥራቸው ብቅ ብለው፥ እጃቸውን እያወናጨፉ፥ «ጋሼ፥ መኪና እዚህ ይቁም! እግር ይሂድ! ጭቃ ይበላታል እኮ!» ሲሉ ዐዋጅ ነገሩ። ጌታው ግን መስኮታቸውን ዘግተው ነዳጁን ረገጡ፤ በመኪና ግርማ ከአማታቸው ደጅ ሲደርሱ እንዲቀርጻቸው ቦናን አስቀድመው አውርደውታልና። ቪትዟም አንድ ጊዜ ተንደረደረች፥ ወደ ጎን ተንሸራተተች፥ ከዚያ በሆዷ ተኛች።

ጦርነቱም ጸና። ጌታው ማርሽ አስገቡ፥ አወጡ፥ ጎማውን አሽከረከሩ፥ ጭቃውን እስከ አባ ሙሉካ ባርኔጣ ድረስ ረጩ፥ ክላክሱንም እንደ እምቢልታ ነፉ። እኔ ወርጄ ቀስ እያልሁ በእግሬ ልሂድ ብል፥ «ማንም እንዳይወርድ! አብረን ነው የምንገባው፤ ቪዲዮው ይበላሻል!» የሚል ዐዋጅ ወጣብኝ። ቀጥሎም ከጎማው ሥር የሚነጠፍ ነገር እንዲቀርብ ታዘዘ። አባ ሙሉካ «ቀርከሃ አለ፥ ቆዩኝ» ብለው ወደ ጓሯቸው ሄደው ነበር፤ ጀግና ግን መች ይቆያል? ኮታቸውን ዳሰሱት፥ ገና ስለሚቀረጽ ማሩት። የወንበሩን ላስቲክ ተመለከቱት፥ የዚያድ ነውና ማሩት። ከዚያ እጃቸውን ወደ ኋላ ሰደዱና ጋቢውን ከጭኔ ላይ መነተፉት። «ኧረ በእናትህ!» ብዬ ጮኽሁ፤ እርሳቸውም «ይታጠባል!» ብለው ዐውጀው፥ ወርደው ከጎማው ሥር ከተቱት። ተመልሰው ነዳጅ ሲሰጡ ጎማው ጋቢውን ጠቅልሎ ዋጠው፥ መኪናዋም ንቅንቅ አላለችም።

ክላክሱን የሰማችው እናቴ ናት። ማን እንደሆነ ሳታውቅ፥ ሰው ተቸግሯል ብላ፥ ቦቲዋን አጥልቃ፥ የጎረቤት ሴቶችን ጠርታ ወረደች። እኛ መሆናችንን ስታይ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ሀሴትን በመስኮት ተቀብላ እያገላበጠች ሳመቻት፥ ለአባ ሙሉካም አቀበለቻት፤ እኔን በክንዴ ደግፋ ደረቁ ላይ አወጣችኝ፤ ከዚያ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ፥ የመጣውን ቀርከሃ ከጎማው ሥር ወትፋ፥ ከሴቶቹ ጋር ከኋላ ሆና ገፋች። ጌታው ከመሪያቸው ሳይነቃነቁ «በርቱ! አንድ፥ ሁለት፥ ግፉ!» እያሉ ትእዛዝ ያወርዱ ነበር። ቦናም ይህን ሁሉ ቀረጸ፥ ካሜራው ግን ወደ መሪው ነበር። ቪትዟ ወጣች፤ እናቴም ከእግር እስከ ራሷ ጭቃ ሆነች።

ጎማው ቀዳዶ የተፋውን ጋቢ ያነሣችውም እሷ ናት። ጭቃውን እየጨመቀች፥ «ኧረ የማን ነው? እንዲህ ያለ ድርብ ጋቢ እንዴት ተጫወታችሁበት!» አለች። ያን ጊዜ ሀሴት ከአባ ሙሉካ ትከሻ ላይ ሆና ለሀገሩ ሁሉ ዐወጀች፦ «ያንቺ ነው እማማ! ላንቺ ነው ያመጣነው!» እናቴ ሳቀች፥ «በሉ እሰይ» ብላ ክንዷ ላይ ጣል አደረገችው። እኔ የምገባበት ጠፋኝ። ጌታው የመኪናዋን ጎን በመሐረብ ይወለውሉ ነበር።

በቤቷም ለጌታው ውኃ አሞቀች፥ ጫማቸውን አውልቃ አጠበች፥ ከእሳቱም ዳር አሰጣች፤ ቆጮ ከጎመንና ከቅቤ ጋር አቀረበች፤ በሉ፥ ተደገመላቸው፥ በሉ። አባ ሙሉካና የገፉት ሴቶችም ገብተው ዙሪያውን ተቀመጡ። በኋላ ቦና ካሜራውን አሰናዳ፥ ጌታውም ጉሮሯቸውን ጠርገው በአማታቸው ፊት ቆሙ። ዐዋጁም ይህ ነበር፦ «በቅድሚያ ፈጣሪን አመሰግናለሁ! ቀጥሎ መኪናውን ያዋሰንን ወንድሜን ዚያድን፤ ለቀረጻው ባልደረባዬን ቦናን፤ ለትብብሩ የቡሌን ሕዝብ፤ በመጨረሻም በዚያ ጭቃ መኻል ተስፋ ያልቆረጠውን የራሴን ጽናት አመሰግናለሁ!» ቦና አጨበጨበ። እኔ ጠበቅሁ። አሁን ይሉታል፥ ለመጨረሻ ያቆዩት እሱን ነው፥ አሁን ይሉታል ስል፥ ጌታው ተቀመጡ።

እናቴ ተነሣች። እጇን በቀሚሷ ጠራርጋ፥ ከወገቧ ጎንበስ ብላ፥ «እግዜር ይስጥልኝ ልጄ። በዚህ ጭቃ፥ ለኔ ብለህ ደክመህ መጣህ። ውለታህን እሱ ይክፈልህ» አለች። ለምስጋና ከዚህ የሰፋ በር አይከፈትም፤ አፉን ያልፈታ ሕፃን ብቻ ሲቀር፥ «ኧረ እኔ ነኝ እንጂ የማመሰግንዎት!» የማይል ፍጡር የለም። ሴቶቹም ወደ ጌታው አዩ። ጌታው ታረቀኝም ጥርሳቸውን በስንጥር እየጎረጎሩ፥ በታላቅ ቸርነት፥ በሰፊ ልብ፥ እንዲህ ሲሉ ዐወጁ፦ «ምንም አይደል እማማ።»

ልንወጣ ስንል ሀሴት ከበሩ ኋላ የታሰረ ጓዝ አገኘች፤ የእናቴ ቀሚሶች፥ ፎጣዋ፥ ለአራስ የሚሆን ቅቤ በቆርቆሮ። «እማማ፥ ልትሄጂ ነው?» ብላ ጮኸች። እናቴ ጓዙን በእግሯ ወደ ጥግ ገፋ አድርጋ፥ ቅቤውን ብቻ ፈትታ አውጥታ በእጄ አስያዘችኝ። «አንቺ በርቺ» አለችኝ። መኪናዋ ስትዞር አየኋት፥ ያንን የተቀደደ ጋቢ አጥሩ ላይ ታሰጣ ነበር።

ቁልቁል ስንወርድ ዕንባዬን ያዩት ጌታው ምን ሆንሽ አሉኝ። ነገርኋቸው። ተገርመው ወደ ቦና ዞሩና፥ «ብዬ የለም እንዴ! ሁለት ጊዜ ተቀርጿል እኮ!» ሲሉ ዐወጁ። እውነታቸውን ነው። ቪዲዮው ገጻቸው ላይ ወጥቶ፥ ጉሙ ከኋላቸው፥ ቀርከሃው ከጎናቸው፥ ሺህ ሰው አልቅሶበታል፤ «እንዳንተ ያለ አማች ይስጠን» ያለው ብዙ ነው። የእናቴ ስልክ ባለቁልፍ ነው፤ ከመደወል በቀር ሌላ አያውቅም።

እንግዲህ ለኃያሉ፥ ለግርማዊው ለጌታው ታረቀኝ ምስጋና ይብዛላቸው! ኃያል ናቸው፥ የቡሌን ጭቃ በአሮጊት ጉልበት ድል ነሥተዋልና። ቸር ናቸው፥ የሰውን ጋቢ ለጎማ አልብሰዋልና። ትሑት ናቸው፥ ራሳቸውን ያመሰገኑት ከሁሉ በኋላ ነውና። ከዲላ እስከ ቡሌ፥ ከመናኸሪያ እስከ ረግረግ፥ ሊያመሰግን ሄዶ ተመስግኖ የተመለሰ፥ ምስጋናውንም «ምንም አይደል» ብሎ የተቀበለ፥ እንደ እርሳቸው ያለ ጌታ ከቶ አልተነሣም፥ አይነሣምም። ዘመናቸው ይርዘም፥ ገጻቸው ይስፋ።

እኔ በዚህ ወር እወልዳለሁ። እናቴ ቡሌ ናት።