ወጌሻው አባቴና የፕላስቲኩ ቅልጥም

ትናንት ሌሊት በሕልሜ ሆስፒታሉ ተገልብጦ አደረ። ዶክተሮቹ ፒጃማ ለብሰው ተኝተዋል፤ እኛ በሽተኞቹ ነጭ ጋወን ደርበን ከአልጋ አልጋ እየዞርን እንቆጣቸዋለን። እግሬን የምታክመው ዶክተር ማራኪ ከአንሶላዋ ሥር ብቅ አለች።

“ዶክተር ዳምጠው፣ ምሳዬን ሳልበላ ሊሄዱ ነው?”

“ምሳ የለም! ነገ ቀዶ ጥገና አለሽ” አልኳት ኮስተር ብዬ። ደስ ሲል!

ኮሪደሩ ላይ አጥንቶች ተሰልፈው፣ አንድ አታሚ ማሽን ሰው እስኪያትምላቸው ይጠብቃሉ። አንዲት የጎድን አጥንት፣ “እኔ ያዘዝኩት የማያስነጥስ ሰው ነው!” እያለች ትጨቃጨቃለች። ከሰልፉ መጨረሻ የራሴ ቅልጥም እንደተጣመመ ቆሟል።

“አንተስ ማንን አዘዝክ?” አልኩት።

“አባትህን። እንደ ድሮው የሚነካኝን።”

አባቴ ወጌሻ ነው። ባለፈው ክረምት ከሞተር ብስክሌት ወድቄ ስሰበር አሽቶ ያሰረኝ እሱ ነበር፤ አጥንቱ ግን ተጣሞ ገጠመ። ዶክተር ማራኪ “እንደገና ተቆርጦ መቃናት አለበት” ስትል አባቴ እጆቹን ጋቢው ውስጥ ከተተ። ከዚያ ወዲህ የማንንም ገላ ነክቶ አያውቅም፤ የኔንም ጭምር።

ማሽኑ ሥራውን ጀመረ። አባቴን ከታች ወደ ላይ እየደራረበ ሠራው፤ ጫማውን፣ ጉልበቱን፣ ጋቢውን፣ ሽበታም ጺሙን። እጆቹን ግን ዘለላቸው።

“እጁስ?” ብዬ ጮኽኩ።

“እጅ አልቋል፤ ነገ ይምጡ” አለ ማሽኑ።

አባቴ ያለ እጅ ቆሞ፣ “ተወው ልጄ፣ ለምን ይበጀኛል?” አለኝ። አለቀስኩ። የራሴን እጆች ነቅዬ ልሰጠው ስታገል ነቃሁ።

ነግቷል፤ የቀዶ ጥገናዬ ቀን ነው። አባቴ ጀርባውን ሰጥቶኝ አልጋዬ አጠገብ ተቀምጧል። ዶክተር ማራኪ እንዴት እንደምትቆርጠው ልታሳየን፣ ፕላስቲክ እየደራረበ በሚያትመው፣ ስሪዲ ፕሪንተር በሚሉት ማሽን ያሠራችው የፕላስቲክ ቅልጥሜ ጭኑ ላይ ነው። ቁርጥ የኔን ነው፤ ጠማማነቱም ሳይቀር። አባቴ ቅቤ ቀብቶታል! በአውራ ጣቱ ዳበስ ዳበስ እያደረገ ያሸዋል።

“አይዞህ ዳምጤ” ይለዋል ፕላስቲኩን፤ “አይዞህ፣ አሁን ያልፋል።”

ጣቱ የጠመመው ቦታ ላይ ደረሰና ቆመ።

“አመመህ?” አለው።

“ትንሽ” አልኩ ከኋላው። “ግን እንዳትተወኝ አባዬ።”

ደንግጦ ዞረ። ከዚያ ፕላስቲኩን አስቀመጠና፣ ሲስተሯ ለቀዶ ጥገናው አጥባ አጽድታ የሄደችውን እግሬን በዚያ ቅቤያም እጁ ያዘው።