የአባባ ወፍና የትሎቹ ነገር

[የአባባ ማረፍ የተሰማው ሰኞ ጠዋት ነው። አማቹ ፋርማሲስት በመድኃኒት ቤቱ መስኮት ለአንዲት ሴት የሽሮፕ አወሳሰድ እያስረዳ ነበር። የአባባ ልጅ ደግሞ ዳምጠው በሚባለው የመንገድ መዳመጫ ላይ ተቀምጦ አዲስ መንገድ ይጠቀጥቅ ነበር፤ ይህን ማሽን ስለሚነዳ ቤተሰቡ እሱንም «ዳምጠው» ይለዋል። ዛሬ ሐሙስ ነው። ሁለቱ ጥቁር ልብስ ለብሰው በአባባ ጓሮ፣ ሣሩ ጠርዝ ላይ ቆመዋል። ፋርማሲስቱ ለአባባ ወፍ ትል የሚያጠራቅምበት ባዶ ጣሳ ይዟል። አጠገባቸው ግማሹ ብቻ የተቆፈረ የካሮት መደብ አለ። አካፋው አባባ ባቆመበት ቦታ እንደተሰካ ነው።]

ፋርማሲስት፦ አልኩህ እኮ። ትል አይቆፈርም፣ ትል ይጠራል።

ዳምጠው፦ በስሙ?

ፋርማሲስት፦ በሳይንስ።

ዳምጠው፦ እኔ ቆፍረን እናውጣ ነው ያልኩት፣ ጋሼ።

ፋርማሲስት፦ በምን ልትቆፍር?

[ዳምጠው አካፋውን ያያል። ፋርማሲስቱም ያየዋል። ሁለቱም ዓይናቸውን ያነሣሉ።]

ዳምጠው፦ እሺ፣ እንጥራው።

ፋርማሲስት፦ ቶሎ በል እንግዲህ። እማማ ያሉትን ሰምተሃል።

ዳምጠው፦ «ይህችም በእጄ ላይ እንዳትሞት» ነው ያለችው።

ፋርማሲስት፦ ወፏ ከሰኞ ጀምሮ እህል የሚባል በአፏ አልዞረም። ዳቦ ሰጠኋት፣ እምቢ። የተፈጨ ሥጋ ሰጠኋት፣ እምቢ። ቫይታሚን በጠብታ አደረግሁላት።

ዳምጠው፦ እሱንስ?

ፋርማሲስት፦ ዓይኔ ላይ ተፋችው።

ዳምጠው፦ አባባ የተሰበረ ክንፏን ሲያስርላት እንኳ ዝም ብላ ነበር።

ፋርማሲስት፦ ወፍ ሰው አትለይም።

ዳምጠው፦ አንተን ግን ለየችህ።

ፋርማሲስት፦ ነገር አታብዛ። አባባ ትሉን ከየት ያመጡላት ነበር?

ዳምጠው፦ ከዚሁ ጓሮ ይመስለኛል።

ፋርማሲስት፦ ሲቆፍሩላት አይተሃል?

ዳምጠው፦ ለካሮቱ ሲቆፍር አይቻለሁ። ለወፏ አላየሁም።

ፋርማሲስት፦ አየህ። አሁን አድምጠኝ። የዱር እንስሳ ለትል ብሎ ሁልጊዜ አይቆፍርም። ሣር ላይ ቆማ እግሯን የምታንቀጠቅጥ ወፍ አለች። ኤሊ እንኳ አለች፣ በፊት እግሮቿ መሬቱን ደልቃ ደልቃ፣ ትሉ ብቅ ሲል የምትቀልበው።

ዳምጠው፦ ኤሊ?

ፋርማሲስት፦ ኤሊ።

ዳምጠው፦ ለእሷ የሚመጥን አደን ነው።

ፋርማሲስት፦ ምስጢሩ ዝናብ ነው። ትሉ ከላይ ድም ድም ሲል ይሰማና ዝናብ መጣ ብሎ ይወጣል።

ዳምጠው፦ ዝናብ ሲመጣ ወደ ቤት ይገባል እንጂ ይወጣል እንዴ?

ፋርማሲስት፦ የትል ቤት ጣሪያ የለውም።

ዳምጠው፦ ጣሪያማ አለው። ቤቱ በሙሉ ጣሪያ ነው።

ፋርማሲስት፦ ውኃ ይሞላበታል፣ አንተ ሰው። ታፍኖ እንዳይሞት ነው የሚወጣው። ገባህ?

ዳምጠው፦ አልገባኝም፣ ግን ቀጥል።

ፋርማሲስት፦ ተንበርከክ። በጣቶችህ ሣሩን ምታ፣ ልክ እንደ ካፊያ። አምስት ደቂቃ ትመታለህ፣ ሁለት ደቂቃ ታርፋለህ፣ ከዚያ ትደግማለህ።

ዳምጠው፦ ከምግብ በፊት ነው ከምግብ በኋላ?

ፋርማሲስት፦ ምኑ?

ዳምጠው፦ አነጋገርህ እንደዚያ ስለሆነ ነው።

[ይንበረከካሉ። በጣቶቻቸው ሣሩን ይመታሉ። ጊዜ ያልፋል።]

ዳምጠው፦ ጋሼ፣ ሊያጽናኑ የመጡት ሰዎች በመስኮት እያዩን ነው።

ፋርማሲስት፦ ይዩ።

ዳምጠው፦ በቀብሩ ዕለት እንኳ እንዲህ አልሆንንም። «ሐዘኑ ጠንቶባቸው መሬት ደበደቡ» ነው የሚሉት።

ፋርማሲስት፦ እንግዲያው ደህና አድርገህ ምታ።

[ደህና አድርገው ይመታሉ። ምንም አይወጣም። ፋርማሲስቱ ውኃ ማጠጫውን አምጥቶ ያርከፈክፋል። ሱሪው ይረጥባል እንጂ ትል አይታይም።]

ፋርማሲስት፦ መጠኑ አንሶ ይሆናል።

ዳምጠው፦ እኔ ሥራ ቦታ ብዙ ትል አያለሁ።

ፋርማሲስት፦ አስፋልት ውስጥ?

ዳምጠው፦ ከመንገዱ ዳር። የማሽኑን ንዝረት ስለቀው ከዳሩ ሣር ውስጥ ይወጣሉ። ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ ደመና የሚባል የለም፣ እነሱ ግን ይወጣሉ። ወፎቹ ነቅተውብኛል። ጠዋት ሞተር ሳስነሣ ከኋላዬ ይሰለፋሉ።

ፋርማሲስት፦ ዝናብ መስሏቸው ነዋ።

ዳምጠው፦ ጋሼ፣ ማሽኑ አሥር ቶን ነው። አሥር ቶን የሚመዝን ዝናብ አይተህ ታውቃለህ?

ፋርማሲስት፦ ታዲያ ምን መሰላቸው ልትለኝ ነው?

ዳምጠው፦ እኔ እንጃ። አሥር ቶን ወደ እኔ ቢመጣ እኔም ሊበላኝ የመጣ ነገር ይመስለኛል። ከመሬት በታች የሚያሳድዳቸው አውሬ የለም? ፍልፈል ነገር?

[ፋርማሲስቱ ስልኩን አውጥቶ ያነባል።]

ዳምጠው፦ ምን ይላል?

ፋርማሲስት፦ ያው ነው።

ዳምጠው፦ ያው ምን?

ፋርማሲስት፦ ትል የሚበላ የፍልፈል ዓይነት አለ። ሲቆፍር መሬቱ ይንቀጠቀጣል። ትሉ ያንን ሲሰማ ሽቅብ ይሸሻል፣ ምክንያቱም ፍልፈሉ እስከ ላይ እምብዛም አይከተለውም። ወፏ በእግሯ ያንኑ መንቀጥቀጥ ታስመስላለች ይላሉ። እኔም ይህንኑ ልነግርህ ነበር።

ዳምጠው፦ ስለዚህ ትሉ ከፍልፈል ያመልጥና ወፍ አፍ ውስጥ ይገባል።

ፋርማሲስት፦ ከድጡ ወደ ማጡ።

ዳምጠው፦ ምስኪን። ማንን ይመን?

ፋርማሲስት፦ ለትል ማዘኑን ተወውና ተነሥ። ጣት አይበቃም ማለት ነው። እርገጥ። ቦታህን ሳትለቅ፣ ቶሎ ቶሎ።

[ሁለቱም ሣሩን ይረግጣሉ። ዳምጠው በድንገት ያቆማል።]

ዳምጠው፦ ይሄ አረጋገጥ የአባባ ነው።

ፋርማሲስት፦ የአባባ ምን?

ዳምጠው፦ ወፏን ካገኘ ወዲህ፣ ጠዋት ጠዋት። ለሥራ ስወጣ ጫማዬን እያሰርኩ በመስኮት አየዋለሁ። ጀርባውን ሰጥቶኝ፣ አንድ ቦታ ቆሞ፣ ጠብ ጠብ ጠብ።

ፋርማሲስት፦ እሱማ ለደም ዝውውር ነው። እኔ ነኝ ያዘዝኩላቸው። «እግርዎን ያንቀሳቅሱ» አልኳቸው፤ በሳምንቱ ስመጣ ሣሩ ላይ ሲረግጡ አገኘኋቸው። እንዲያውም «እርጥበት ለመገጣጠሚያ ጥሩ አይደለም፣ ሲሚንቶው ላይ ያድርጉት» አልኳቸው። ከዚያ ወዲህ በመጣሁ ቁጥር ሲሚንቶው ላይ ናቸው። እንደ አባባ ትእዛዝ የሚያከብር ታካሚ አላየሁም።

ዳምጠው፦ እሑድ እሑድ።

ፋርማሲስት፦ ምን እሑድ?

ዳምጠው፦ አንተ የምትመጣው እሑድ ነዋ። የግቢው በር ሲንኳኳ ከሣሩ ወርዶ ሲሚንቶው ላይ ይወጣል። «ደክሞት ነው የሚመጣው፣ ደስ ይበለው» ይላል። አንተ ስትሄድ ይመለሳል።

[ፋርማሲስቱ ጣሳውን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው ያዛውራል።]

ዳምጠው፦ ወፏ ናት የምታሳዝነኝ። አንተ እስክትሄድ ሣሩ ውስጥ ተደብቃ፣ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ታየዋለች።

ፋርማሲስት፦ ቆይ። ወፏ ውጭ ትወጣ ነበር?

ዳምጠው፦ በየቀኑ። በጉያው ይዟት ይወጣና ሣሩ ላይ ያስቀምጣታል። አየር እንድታገኝ ይመስለኝ ነበር።

ፋርማሲስት፦ ይህን ሦስት ቀን ሙሉ ለምን አልነገርከኝም?

ዳምጠው፦ «የታመመ ወፍ ጨለማ ካርቶን ውስጥ ነው የሚቀመጠው» አልክ። ክዳኑን የገጠምከው አንተ ነህ። የተማርክ ሰው ስለሆንክ ዝም አልኩ።

ፋርማሲስት፦ ሂድ አምጣት።

[ዳምጠው ይገባል። ካርቶኑን ሳይሆን ወፏን ብቻ በጉያው ይዞ ይመለሳል። ግራጫ ናት፣ እግረ ረጅም፤ አንዱ ክንፏ በነጭ ፋሻ ታስሯል። ሣሩ ላይ ያስቀምጣታል። አትንቀሳቀስም።]

ፋርማሲስት፦ [በሹክሹክታ] ደክማለች። ዘግይተናል።

ዳምጠው፦ አባባ ዝም ነበር የሚለው።

ፋርማሲስት፦ ቢያንስ ቫይታሚኑን...

ዳምጠው፦ ጋሼ፣ ዝም በል።

[ዝም ይላሉ። ወፏ ወደ ካሮቱ መደብ ታያለች፣ ከዚያ ወደ ቤቱ። አንድ እግሯን ወደፊት ትዘረጋለች። እግሯ ሣሩ ላይ ቶሎ ቶሎ ይንቀጠቀጣል፤ ጠብ ጠብ ጠብ። ታቆምና አንገቷን ዘንበል ታደርጋለች። እንደገና። ከሣሩ ሥር አንድ ትል ብቅ ይላል። ትስበዋለች፤ ይረዝማል፣ ይወጣል፣ ትውጠዋለች።]

ዳምጠው፦ በላች።

ፋርማሲስት፦ አየሁ።

ዳምጠው፦ እግሯን አየህ? ቁርጥ አባባን።

ፋርማሲስት፦ አባባ አስተምረዋት ነዋ።

ዳምጠው፦ አባባ በሰባ ዓመቱ ይህን ከየት ይማራል? እሷ ናት እንጂ ያስተማረችው። ክንፏ ሲያማት እሱ ረገጠላት።

[ወፏ ሁለተኛ ትል ታወጣለች።]

ፋርማሲስት፦ ስለዚህ እኔ ያዘዝኩት...

ዳምጠው፦ ያንተንም ወስዷል፣ ጋሼ። በሳምንት አንድ ጊዜ።

[ፋርማሲስቱ ሊስቅ ይልና አፉን በእጁ ይይዛል። ጥቂት ቆይቶ ከወፏ ትንሽ ራቅ ብሎ ሣሩ ላይ ይቆማል። ቀስ ብሎ መርገጥ ይጀምራል።]

ዳምጠው፦ አሁን ደግሞ ምን ሆንክ? ራሷ እየበላች እኮ ነው።

ፋርማሲስት፦ ለደም ዝውውር ነው።

[እማማ የወጥ ቤቱን መስኮት ትከፍታለች። ወፏን ታያለች፣ ፋርማሲስቱንም ታያለች። መስኮቱን ክፍት ትታ ትመለሳለች። ሁለቱ ሰዎች የካሮቱን መደብ ያያሉ።]

ዳምጠው፦ ያንን ማን ይጨርሰዋል?

ፋርማሲስት፦ ነገ እናያለን።

ዳምጠው፦ ትናንትም እንደዚህ ብለናል።

[ወፏን አቅፈው ይገባሉ። ግማሹ መደብ አልተቆፈረም። አካፋውን ያነሣው የለም።]