የተቀያሪ ወንበር ጠበቃ፣ አቶ ቨርነን

ኳስ ባለበት አገር ሁሉ አንድ ሰው አይጠፋም፤ ሜዳ ላይ ያለው ሁሌ የተሳሳተ፣ ወንበር ላይ ያለው ሁሌ የተበደለ የሚመስለው። ሌላ ቦታ እንዲህ ያለውን ሰው «ዝም በል» ይሉታል። እኛ የፔከን ቤንድ ከተማ ሰዎች አቶ ቨርነን ቲድሞር ብለን አንቱ እንላቸዋለን። ዝም በሉ ማለቱንም ሞክረነዋል።

አቶ ቨርነን ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሾፌር ናቸው። በኮሌጃችን ስታዲየም ያላቸው ቦታ ከአባታቸው የወረሱት ነው፤ ከተቀያሪዎቹ ወንበር በስተጀርባ፣ አሠልጣኙ በጥርሱ መሃል የሚሳደበው ሁሉ የሚሰማበት። በአላባማ እንዲህ ያለ ቦታ ያለው ሰው ከንቲባ ልሁን ብሎ አይደክምም። እኔም የአጎቴን ቦታ ወርሼ ከጎናቸው ተቀመጥኩ፤ የግራ ጆሮዬ በደንብ የማይሰማው ከዚያ ወዲህ ነው።

መፈክራቸው አንድ ነው፤ «ለዚያኛውም ልጅ ዕድል ስጡት»። ያኛው ልጅ ማለት የተቀመጠው ኳርተርባክ ነው። በአሜሪካ ፉትቦል ኳሷን በእጁ እየወረወረ ወይም ይዞ እየሮጠ ቡድኑን የሚነዳው ልጅ አንድ ብቻ ስለሆነ፣ ሁሌም ሌላ የተቀመጠ አለ። ጩኸታቸው ሠምሮ የተቀመጠው ሲገባ፣ የወጣው ወዲያው «ያኛው ልጅ» ይሆናል። አሥር ጊዜ ቢቀየር አቶ ቨርነን አሥር ጊዜ ይከፋቸዋል።

ነገሩ በኳስ ብቻ ቢቀር ጥሩ ነበር። በቤተ ክርስቲያን የምሳ ግብዣ ሁሉም የሚሻማበትን የኮክ ኬክ አልፈው፣ ማንም ቢላ ያላሳረፈበትን የዱባ ኬክ ይቆርሱና «ከዚህ የሚበልጥ በልቼ አላውቅም» ይላሉ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ማርቪና እንደሚያወሩት ደግሞ፣ በሠርጋቸው ቀን ማንም ለዳንስ ያልጠየቃት አንዲት ሚዜ ካልተጋበዘች በቀር አልደንስም ብለው ሙዚቀኞቹን አስቁመዋል። ሙሽሪት ቆማ ጠበቀች። «ያን ቀን ጥዬው መሄድ ነበረብኝ» ይላሉ ወይዘሮ ማርቪና፣ እየሳቁ።

ባለፈው ዓመት ታዲያ አሠልጣኝ ስተብስ ጉድ ውስጥ ገባ። የትኛውም ቡድን ውስጥ ቋሚ መሆን የሚችሉ ሁለት ልጆች በአንድ ጊዜ አገኘ። ኮልተን ዊምስ ክንድ ነበረው፤ ጃሬል ፔትዌይ እግር። መምረጥ ሲያቅተው በየተራ ማጫወት ጀመረ። ከተማችን ለሁለት ተከፈለ፤ ፀጉር ቤት ውስጥ እንኳ የኮልተን ወገንና የጃሬል ወገን ጎን ለጎን አይቀመጥም ነበር። አቶ ቨርነን ግን እፎይ ይላሉ ብለን ነበር፤ ሁለቱም ይጫወቱ የለ?

ጭራሽ ባሰባቸው። ኮልተን ሲገባ ለጃሬል፣ ጃሬል ሲገባ ለኮልተን እየጮኹ ድምፃቸው ተዘጋ። ወይዘሮ ማርቪና ማር የገባበት ሙቅ ውኃ በቴርሞስ ይዘው መምጣት ጀመሩ። አንድ ቀን አሠልጣኙ ትዕግሥቱ አልቆ ዞረና፣ «ሚስተር ቨርነን፣ ሁለቱንም እያጫወትኳቸው ነው እኮ» አላቸው።

«አንዱ ግን ተቀምጧል» አሉት።

የዓመቱ የመጨረሻ ጨዋታ ከጎረቤቶቻችን ጋር ነበር፤ እኔ ካደግኩ ወዲህ አሸንፈናቸው አናውቅም። አሠልጣኙ ለዚህኛው አንድ ልጅ ብቻ ይበቃኛል ብሎ ኮልተንን መረጠ። በዚያው ሳምንት የስታዲየሙን ቦታ የሚደለድለው የደጋፊዎች ኮሚቴ ሊቀ መንበር ወይዘሮ ኦዴት ጋዲ፣ ኮሚቴው ባዘጋጀው የቁርስ ግብዣ ላይ መጥተው ከፊታችን ቆሙ። ልጆቹ በጩኸቱ ሐሳባቸው እየተበታተነ ነው አሉ።

«ቨርነን፣ ቅዳሜ አንዲት ቃል ከአፍህ ብትወጣ፣ ለሚቀጥለው ዓመት ቦታህ ከግቡ ጀርባ ነው። ከላይ፣ ጫፉ ላይ።»

አቶ ቨርነን ሹካቸውን አስቀመጡ። የአባታቸው ቦታ ነው። ቅዳሜ ቃል አልተነፍስም ብለው ለወይዘሮ ማርቪና ማሉላቸው።

ቅዳሜ ዕለት እውነትም ዝም አሉ። ጃሬል እፊታችን ቆቡን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀምጧል፤ እሳቸው የገዛ ባርኔጣቸውን ይነክሳሉ። አሳዘኑኝ። ሜዳ ላይ ኮልተን ኳሷን ለባላጋራ ወረወረ። ቆይቶ ደገመው። በሦስተኛው ስታዲየሙ በሙሉ፣ ያለ አቶ ቨርነን እርዳታ፣ ጃሬል ይግባ ብሎ ተነሣ።

«ሰሙ? አገሩ ሁሉ እርስዎን ሆነ» አልኳቸው።

ጃሬል ገባ። ሮጠ፤ የሚይዘው ጠፋ። መራን። ሰው እየተቃቀፈ ያለቅሳል፤ ወይዘሮ ኦዴት እንኳ የማያውቁትን ሰው አንገት ይዘው ይዘላሉ። እኔም ዘለልኩ፤ ስወርድ አቶ ቨርነን ወደ ሜዳው እንደማያዩ ገባኝ። የሚያዩት ወደ ወንበሩ ጫፍ ነው። ኮልተን ብቻውን፣ ፎጣ ራሱ ላይ ጥሎ፣ መሬት መሬት ያያል። ጓደኞቹ ሁሉ ከእሱ ርቀው ይጨፍራሉ።

አቶ ቨርነን ተነሡ። ጃኬታቸውን ያዝኩ። ወይዘሮ ማርቪናን አየኋቸው፤ ይከለክሏቸዋል ስል፣ እጄን ከጃኬቱ ላይ አላቀቁት።

«ለዚያኛውም ልጅ ዕድል ስጡት! ለኮልተን!»

ሰዉ ትንፋሽ ሊወስድ ዝም ባለበት ቅጽበት ስለነበር ስታዲየሙ ሁሉ ሰማው። ከዚያ የወረደብንን ስድብ አልደግመውም፤ ፈንዲሻውም ከነዕቃው መጣ። አንድ ሰው እብድ ሽማግሌ አላቸው። ወይዘሮ ኦዴት ከፊተኛው ረድፍ ዞረው አዩን። ኮልተን ግን ፎጣውን ከራሱ ላይ አነሣና ዞሮ ሽማግሌውን አየ። አልሳቀም። ፎጣውን አጥፎ ጭኑ ላይ አስቀመጠና ጨዋታውን ማየት ጀመረ።

አሸነፍን። ወይዘሮ ኦዴትም ቃላቸውን ጠበቁ።

ዘንድሮ የምንቀመጠው ከግቡ ጀርባ፣ ጫፉ ላይ ነው። «የምንቀመጠው» ያልኩት፣ እኔም ለኮሚቴው በድሮው ቦታዬ ፀሐይ ትመታኛለች ብዬ ስላመለከትኩ ነው። እዚህ ላይ ፀሐይዋ ከሰዓት በኋላ ሙሉ ዓይናችን ውስጥ ናት። የተቀያሪዎቹ ወንበር ከዚህ ሲታይ የክብሪት እንጨት ያህላል። በመጀመሪያው ጨዋታ ጃሬል ሲገባ አቶ ቨርነን መነፅራቸውን ጠረጉና ወደኔ ዞሩ።

«ማን ነው የተቀመጠው?»

ኮልተን ተመርቋል፤ ይሄ አዲስ ልጅ ነው፣ ስሙን አላውቀውም አልኳቸው።

«ስሙን ሳታውቅ ነው የመጣኸው?»

አፈርኩ። ቢያውቁትም ከዚህ ሆነው ቢጮኹ ለማንም እንደማይሰማ ነገርኳቸው። እውነቴን ነው፣ ከሜዳው የሚደርሰን የከበሮ ድምፅ ብቻ ነበር። አቶ ቨርነን ርቀቱን በዓይናቸው ለኩት፤ ከዚያ ክንዴን ይዘው አስነሡኝ።

«ሁለት ሆነን እንሞክረው» አሉ።

ወይዘሮ ማርቪና ቴርሞሱን ከፈቱና ሁለት ኩባያ አወጡ።