በሁለት ጾም መካከል የተጠጣ ውሃ

ሰዎች ተሰብስበው ስለ መነጋገር ሲነጋገሩ መስማት ደስ ይለኛል። አትሳቁ፣ ከልቤ ነው። እስላሙ ዓለምና ሌላው ዓለም ይግባቡ ዘንድ፣ መንግሥታትም እጅ ለእጅ ይያያዙ ዘንድ፣ ከየአገሩ የተጠሩ ሊቃውንት በረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ሲመክሩ በራዲዮ እሰማለሁ። የሚያለያየንን ነገር ሁሉ አጥንተው ጨርሰውታል። ምስጋና ይግባቸው። አንድ ነገር ብቻ ሲጠቅሱ አልሰማሁም፤ የሚያመሳስለን ነገር አንዳንዴ ከሚያለያየን ይልቅ ያስቸግራል። እኔ ይህን የተማርኩት አሰብ ነው።

ጊዜው የኤርትራ ፌዴሬሽን ገና ያልፈረሰበት ዘመን ነው። ከጎጃም ተመድቤ አሰብ የእንግሊዝኛ መምህር ነበርኩ። አሰብን የማታውቋት ከሆነ ሙቀቷን በቃል አስረድቼ አልዘልቀውም። ያጠባችሁት ሸሚዝ ገና ስታሰጡት ይደርቃል፤ ገና ስትለብሱት ደግሞ ተመልሶ ይረጥባል። በዚያ ዓመት ታዲያ ሁዳዴና ረመዳን ተገጣጠሙ። ክርስቲያኑም ይጾማል፣ እስላሙም ይጾማል። ቀትር ላይ በከተማው ውስጥ የሚያኝኩት ፍየሎችና ጣሊያኖች ብቻ ነበሩ።

እኔ ከዚያ በፊት የጾም ሰው አልነበርኩም። ግን እናቴ በዚያ ዓመት መስከረም አርፋ ነበርና፣ ሁዳዴን አንድም ቀን ሳላጓድል እስከ ዘጠኝ ሰዓት ልጾምላት ለራሴ ቃል ገብቼ ነበር። ቀብሯ ላይ ያልደረሰ ልጅ ሌላ ምን ያደርጋል?

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ የሆስፒታሉ ሐኪም፣ ሸምገል ያለ ጣሊያን፣ መኪናውን ትምህርት ቤቱ በር ላይ አቁሞ አስጠራኝ። አጠገቡ ፊቱ በፀሐይ የተላጠ ረጅም ሰው ተቀምጧል፤ ወደቡ ላይ የቆመው የኖርዌይ መርከብ ካፒቴን ነው። የመርከቡ ምግብ አብሳይ ታሞበታል። ዑስማን ይባላል፤ ጃቫ ከምትባል ሩቅ ደሴት የመጣ እስላም ነው። ተቅማጥና ትውከት የሰውነቱን ውሃ አሟጦታል። እሱ ግን ጾመኛ ነኝ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ምንም አይገባብኝም ብሎ፣ የተሰካለትን መርፌ እንኳ ነቅሎ ጥሏል።

«እስከ ማታ ከቆየ ይሞታል» አለኝ ሐኪሙ በተሰባበረ አማርኛው። «እኔ ለመንኩ። ካፒቴን ጮኸ። አሁን አንተ በእንግሊዝኛህ ሞክር።»

የእስላም ጾም ለማስፈታት የጎጃም ቄስ ልጅ! የአገሩን ሠርዶ በአገሩ በሬ ነውና ሐጂ እንድሪስ ይሻላሉ አልኩ። ሐጂ እንድሪስ ከወሎ መጥተው አሰብ ላይ ሱቅ የከፈቱ፣ ቁርአን የቀሩ፣ ቅቤ መግዛት ሳቆም ምንም ሳልነግራቸው «ጾሙ እንዴት ይዞሃል?» የሚሉኝ ሰው ናቸው። ነገሩን ስነግራቸው ሱቃቸውን ዘግተው ተከተሉን።

ሆስፒታሉ ስንደርስ ዑስማን ዓይኑ ጎድጉዷል፣ ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል። ሐጂ ሰላምታ ሰጡት፤ መለሰላቸው። ከዚያ በኋላ ግን በሁለቱ መካከል ቋንቋ አለቀ። እሳቸው የጃቫን ቋንቋ አያውቁም፤ እሱም ከቁርአኑ በቀር ዓረብኛ አይናገርም። ሐጂ ትንሽ አሰቡና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው፣ በሽተኛና መንገደኛ ጾሙን ለሌላ ቀን እንዲያቆይ የሚፈቅደውን የቁርአን ቃል ቀስ ብለው ይቀሩ ጀመር። መሐል ላይ ሲደርሱ ዝም አሉ። የቀረውን ዑስማን በዚያች በደከመች ድምፁ ጨረሰው። ካፒቴኑ ምን እንደሆነ ሳይገባው ባርኔጣውን አወለቀ።

«አውቀዋለሁ» አለኝ ዑስማን በእንግሊዝኛ። «ግን ከተማው ሁሉ ሲጾም እንግዳው ብቻዬን ልጠጣ? አፍራለሁ።»

ካፒቴኑ ወዲያው ከኪሱ ጠርሙስ አውጥቶ አብሬህ እጠጣለሁ አለ። ዑስማን ገላመጠው። «የእሱ አይቆጠርም፤ ሳይጠጣ አይቼው አላውቅም።» ቀጥሎ ወደ እኔ ዞረ። «አንተ ክርስቲያን ነህ አይደል? አንተ ከጠጣህ እጠጣለሁ።»

እኔም ጾመኛ ነኝ ልል አፌን ስከፍት፣ ምን እንደጠየቀኝ ከፊቴ ያነበቡት ሐጂ እንድሪስ በአማርኛ ቀደሙኝ።

«መምህር፣ እንዳትነግረው! ከነገርከው ሁለታችሁም አትጠጡም።»

«ሐጂ፣ የእናቴ ጾም እኮ ነው» አልኳቸው።

«አውቃለሁ ልጄ» አሉ። ሌላ ምንም አልጨመሩም። የዑስማን እናትም በዚያች ሰዓት ከባሕር ማዶ አንድ ቦታ ተቀምጣ ይሆናል የሚለውን እኔው ጨመርኩት።

ሐኪሙ ሎሚ፣ ስኳርና ጨው የገባበት ውሃ በሁለት ብርጭቆ አመጣ። ጠጣሁ። ቀዝቃዛ ነበር። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ይጣፍጥም ነበር። ዑስማን እኔ ስውጥ ጉሮሮዬን እያየ የራሱን አነሳ።

በአንድ ብርጭቆ የምገላገል መስሎኝ ነበር። ለካ በሽታው ብዙ ውሃ ይፈልጋል፤ ዑስማንም በእያንዳንዱ ብርጭቆ ዓይን ዓይኔን ያያል! እስከ ማታ ድረስ እንደ ግመል ስጠጣ ዋልኩ። የሚቀዱልን ሐጂ እንድሪስ ነበሩ፤ ከንፈራቸው ደርቆ፣ አንዲት ጠብታ ሳይቀምሱ።

ዑስማን ዳነ። መርከቡ ሊነሳ ሲል ሐጂን ይዤ ልሰናበተው ሄድኩ። «አሁን ንገረው» አሉኝ። ነገርኩት፤ የእናቴንም ጭምር። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። የተቆጣ መሰለኝ። ኋላ ዞር ብሎ፣ «ያጎደልኩትን ቀን ስከፍል ሌላ አንድ ቀን ጨምሬ ለእናትህ እጾማለሁ» አለኝ። ለሐጂም ተረጎምኩላቸው።

የነፍስ አባቴ መምሬ ጥላሁን ዘንድ ሄጄ ሁሉንም ተናዘዝኩ። ሰምተው ሲጨርሱ አንድ ነገር ጠየቁኝ።

«ሰውየው ዳነ?»

«ድኗል፣ አባ።»

«ተመስገን። እንግዲያው በዓለ ሃምሳ ሲያልፍ አንድ ቀን ትጾማለህ።»

መጠየቅ አይቀርምና፣ ዑስማን ለእናቴ የሚጾማት ቀን ትቆጠር እንደሆነ ጠየቅኋቸው። መምሬ ጢማቸውን እየዳሰሱ ፈገግ አሉ።

«ለዚህ የሚሆን መልስ የትም አላነበብኩም» አሉኝ። «አንተ የራስህን ጹም። የእሱም ይምጣ፤ ለእናት ሲሆን በዛ አይባልም።»